የብይ ላብሪንት

የብይ ላብሪንት ሰሌዳን እያዘነበሉ አንዲትን ብይ በግራ አጋቢ መንገዶች ውስጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያደርሱበት የእጅ እንቆቅልሽ ነው።

ታሪክ

በ1889 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የመጫወቻ ሠሪ ቻርልስ ክራንደል ብዮችን በክብ አጥሮች በኩል ወደ መሃል የማስገባት እንቆቅልሽ ለገበያ አቀረበ፤ በአገሩም እጅግ ተወዳጅ ሆነ። በ1946 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስዊድኑ ብሪዮ ኩባንያ በሁለት እጀታዎች የሚያዘነብል፣ ብይዋ የምትወድቅባቸው ቀዳዳዎች ያሉት የእንጨት ሳጥን ማምረት ጀመረ።

የቤት ውስጥ አሠራር

እንቆቅልሹ ከካርቶን፣ ከኮላና ከአሮጌ ኩሽኔታ ከወጣች የብረት ብይ ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ትክክለኛው መንገድ በእርሳስ ይነደፋል፤ መውጫ የሌላቸው ቅርንጫፎች የሚጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ እንቆቅልሹ መፍትሔ አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላላት ብይ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ይበቃል። የግድግዳው ከፍታ ከብይዋ ግማሽ፣ ማለትም ከ5 ሚሊ ሜትር፣ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ብይዋ በላዩ ልትዘል ትችላለች። ቀዳዳዎቹ ከብይዋ ጥቂት ሰፋ ይላሉ።

ሰሌዳው በ5 ዲግሪ ሲያዘነብል ብይዋ 10 ሴንቲ ሜትር ለመንከባለል የሚወስድባት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከቀዳዳ በፊት ረጅም ቀጥተኛ መንገድ ካለ ተጫዋቹ ሰሌዳውን ለማቃናት ፋታ አያገኝም። ጨዋታው ከባድ እንጂ የማይቻል እንዳይሆን ከቀዳዳው አጠገብ ብይዋ የምታርፍበት ማዕዘን ይተዋል። ግድግዳዎቹ በኮላ ከመጣበቃቸው በፊት በስፒል ተይዘው ቢሞከሩ ስሕተትን ለማረም ይቀላል።