አንድ አንቴና፣ ብዙ ጆሮ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሸክም ሲካፈሉት ይቀላል፤ ማን ይክዳል? ሲሳይስ ሲካፈሉት ምን ይሆናል? ብዙ ሬዲዮዎችን በአንድ አንቴና ላይ የቀጠሉ መሐንዲሶች የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንቴና ከአየር የሚለቅመው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ለ2 መቀበያ ቢከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ፣ ለ4 ቢከፈል ሩብ ይደርሰዋል። ይህስ ባልከፋ። የባሰው ጣጣ ሌላ ነው፤ መቀበያ ተብዬው ዝም ብሎ አይሰማም፤ እሱም ይናገራል።

እንግሊዞች ይህን ቀድመው አይተውታል። ቢቢሲ በ1922 ሥራ ሲጀምር በየቤቱ ከነበሩት ሬዲዮዎች አንዳንዶቹ ያጎሉትን ሞገድ መልሰው ለራሳቸው እያጎረሱ ጉልበት የሚያገኙ ነበሩ። ባለቤቱ «ጠርቶ ይሰማልኝ» ብሎ ቁልፉን ከልክ በላይ ካዞረው፣ መቀበያው ማሰራጫ ይሆንና በገዛ አንቴናው ፉጨት ይረጫል፤ የጎረቤቱም ሬዲዮ ያፏጫል። ዋናው መሐንዲስ ፒተር ኤከርስሊ ራሱ ማይክሮፎን ፊት ቀርቦ፣ ይህን ተዉ እያለ አድማጩን ይማጸን ነበር። አንቴናው ለየብቻ ሆኖ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ሽቦ የተሳሰሩትማ እንዴት ይሆኑ!

ኋላ የተገኘው መላ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞገዱ ከመከፋፈሉ በፊት በማጉያ ይጠናከራል። በአጭር ሞገድ ላይ ከአየር የሚመጣው ጫጫታ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀበያው የራሱ ጫጫታ ስለሚበልጥ፣ ማጉያው ደህና ከሆነ መካፈሉ ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ማከፋፈያው ለእያንዳንዱ ድርሻውን ይሰጣል እንጂ የአንዱን ጩኸት ወደ ሌላው አያሻግርም። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ምንጩን ግን ማንም አያደፈርስም።

እንዲህ ያለው አሠራር የተፈለገው የብዙ አገር ጣቢያ ባንዴ በሚደመጥበት ቦታ ነው። ቢቢሲ በ1939 የውጭ ሬዲዮ ማዳመጫ ክፍል አቋቋመ፤ በ1943 ወደ ካቨርሻም ሲዛወር የመቀበያ አንቴናዎቹ በአቅራቢያው በክራውስሊ ፓርክ ነበሩ። ከአዳማጮቹ ብዙዎቹ ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ናቸው። አንዱ የቪየናው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ኤርንስት ጎምብሪች ነበር። ሜይ 1 ቀን 1945 የጀርመን ሬዲዮ ከባድ ዜና እንዳለ አስታውቆ የብሩክነርን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሲያሰማ፣ ሙዚቃው ከዋግነር ሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያውቅ ነበርና ሂትለር መሞቱን ዜናው ሳይነገር ገመተ።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ሬዲዮ ለሠፈር ሁሉ በሚበቃበት ዘመን፣ ሁሉም ይሰበሰብና ባለሬዲዮው የከፈተለትን ይሰማ ነበር። ያም መካፈል ነው፤ ደግም ነው። ቁልፉ ግን በአንድ ሰው እጅ ነው። አንቴና ሲጋሩ የሚጋሩት ሽቦውን ብቻ ነው፤ ምርጫው ከየራስ ጋር ይቀራል። ስለ አንድነት በተነሳ ቁጥር ሁለቱን እናምታታለን፤ አንድ ምንጭ ያለው ሁሉ አንድ ጣቢያ መስማት አለበት እንላለን። ከአብሮ አደር የሚጠበቀው ግን አለማፏጨት ብቻ ነው።