የቱ ይቀድማል? አንድ የአማርኛ ግሥ፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ግሦች፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በመኪና ስትሄዱ መጀመሪያ ባኮን፣ ቀጥሎ አኖን፣ ከዚያ ሲሬን ታገኛላችሁ። ስለዚህ «አኖ ሲሬን ይቀድማል» ብንል ትክክል ነን። ግን ይህን የሰማ ሰው «አኖ ከሲሬ በፊት የተቆረቆረ ከተማ ነው ማለት ነው» ብሎ ቢረዳስ? አማርኛው አይከለክለውም። ከነቀምቴ ብትነሱ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ሲሬ አኖን ይቀድማል። የከተሞቹ ዕድሜ ግን በመንገደኛ አይገለበጥም።

«ቀደመ» ብዙ ሸክም ያለበት ግሥ ነው። ቅድም፣ ቅዳሜ፣ ቅድሚያ፣ መቅድም፣ ቅድመ አያት፣ ቀዳማዊ፣ ሁሉም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ሯጭ ሯጭን ይቀድማል፣ ሰኞ ማክሰኞን ይቀድማል፣ አያት የልጅ ልጅን ይቀድማል። ፍጥነትም፣ ተራም፣ ዕድሜም በአንድ ቃል ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለተለያዩ ግሦች ያከፋፍላል። የወለጋን ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ታዲያ የትኛውን ይምረጥ?

ተራ ወይስ ዕድሜ?

የመጀመሪያው ግሥ «ፕሪሲድ» ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ፊት ፊት መሄድ» ነው። በአንድ ሰልፍ ወይም በአንድ ተከታታይ ሥራ ውስጥ ያለን ተራ ይነግረናል። በነቀምቴ የሌቃ ገዢዎች ዘንድ በከሬ ጎዳና ሞሮዳ በከሬን ቀደሙ፤ ሞሮዳም ልጃቸውን ኩምሳን ቀደሙ። ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ስለመጣ እዚህ የሚስማማው «ፕሪሲድ» ነው። አኖና ሲሬም በመንገዱ ላይ ተራ ስላላቸው እንዲሁ።

ሁለተኛው «ፕሪዴት» ነው። ይህ ስለ ተራ ግድ የለውም፤ የሚያወዳድረው የሁለት ነገሮችን ዘመን ነው። ለምሳሌ የካርል ቱትሼክ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1844 ጀርመን ሙኒክ ከተማ ታተመ። የተጻፈው በላቲን ፊደል ነበር። ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መዝገበ ቃላቱ ውሳኔውን በ147 ዓመት «ፕሪዴት» ያደርጋል። ይህ ማለት ግን ሁለቱ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ ከሌላው ያረጃል፣ በቃ።

ሦስተኛው «አንቲዴት» ነው። ከ«ፕሪዴት» ጋር ተቀራራቢ ትርጉም አለው፤ በቢሮና በሕግ ቋንቋ ግን ደብዳቤ ወይም ቼክ ላይ ከተጻፈበት ቀን የቀደመ ቀን ማስፈርን ያመለክታል። እዚህ ላይ «አንቲ» ማለት «በፊት» ነው። በፊደላችን ስንጽፈው «ፀረ» ማለት ከሆነው «አንቲ» ጋር ቢመሳሰልም፣ ይኸኛው ከላቲን፣ ያኛው ከግሪክ የመጣ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ «አንቲዴት» እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን «ፕሪዴት» በዚህ ትርጉሙ የተለመደው በ19ኛው ነው። ስለዚህ «አንቲዴት» ራሱ «ፕሪዴት»ን ፕሪዴት ያደርጋል!

ግሡ ትክክል፣ ታሪኩ ስህተት

አሁን ዋናው ጣጣ ይመጣል። ግሡን በትክክል መርጣችሁም ታሪኩን ልትገለብጡት ትችላላችሁ።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ የኢሉባቦር ልጅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለ ቦታ የታተመው በ1899 ነው። ወደ ነቀምቴ የመጣው ደግሞ በ1896 ነው። እስቲ ቀንሱ። ሰውየው ነቀምቴ ከገባ ከ3 ዓመት በኋላ መጽሐፉ ታተመ ማለት ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር በአውሮፓውያን፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ 1896 ዓ.ም. የተባለው በአውሮፓውያን 1904 ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የቀደመው በ5 ዓመት ነው። የባዕድ አገር መጽሐፍ አንዱን ቁጥር፣ የአማርኛ መጽሐፍ ሌላውን ይሰጣችሁና «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚለውን ምልክት ከዘለላችሁት፣ ልጅ አባቱን ይቀድማል።

«የጥቂት ዓመታት ልዩነት ምን ያመጣል?» ልትሉ ትችላላችሁ። ብዙ ያመጣል። ተራው ሲገለበጥ ምክንያትና ውጤትም አብረው ይገለበጣሉ። በተሳሳተው ስሌት ትርጉሙ ነቀምቴ ላይ፣ በደጃዝማች ኩምሳ ግዛት የተሠራ ይመስላል። እውነተኛው ሥራ ግን የተሠራው ከዚያ እጅግ ርቆ፣ ምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ ነበር። እዚያ ከኦኔሲሞስ ጋር የሠሩ፣ እንደ እርሱ ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከነርሱ አንዷ አስቴር ገኖ ናት። የቋንቋ ችሎታዋ ለትርጉሙ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ከኦኔሲሞስ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳትማለች። ይህ ማንበቢያ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ5 ዓመት ይቀድማል። በዓመተ ምሕረት ስህተት እምኩሉ ከታሪኩ ስትወጣ አስቴርም አብራ ትወጣለች። ስለዚህ ጉዳዩ ማን ምን እንደሠራ የመመስከር ጉዳይ ነው።

ስትጽፉ

በመጀመሪያ ሁለቱንም ቀኖች ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጥር በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ዓመት ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ቀኑን ልብ በሉ።

ቀጥሎ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምናገረው ስለ ተራ ነው ወይስ ስለ ዕድሜ? ተራ ከሆነ «ፕሪሲድ»፣ ዕድሜ ከሆነ «ፕሪዴት»። የማንበቢያውና የመጽሐፍ ቅዱሱ ጉዳይ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የአንድ ቡድን ተከታታይ ሥራ መሆኑን ማጉላት ካሰባችሁ «ፕሪሲድ» ይሻላል።

በመጨረሻም አማርኛው እንዳያታልላችሁ። «ከዚህ ይቀድማል» ስለምንል «ፕሪዴት ፍሮም» ብለው የሚጽፉ አሉ። «ፍሮም» አያስፈልግም፤ ግሡ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል። «በ5 ዓመት» ስትሉ ግን «ባይ»ን ጨምሩ። «ዴት ፍሮም» የሚባል ሌላ አነጋገር አለ፤ እርሱ ግን «ዕድሜው ከዚህ ጊዜ ይጀምራል» ማለት እንጂ «ይቀድማል» ማለት አይደለም።

ሦስቱም ከጠፋባችሁ «ቢፎር» አለላችሁ። እንግሊዝኛው «ቢፎር»፣ አማርኛው «በፊት»፣ ኦሮምኛው «ዱራ»፣ ሦስቱም ለቦታም ለጊዜም ያገለግላሉ። ቃሉ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሥራ የትኛው በፊት እንደሆነ ማረጋገጡ ነው።