የጋዞች ወሳኝ ነጥብ ስሌትና ሒሊየምን ፈሳሽ የማድረግ ጥረት

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኦክሲጅን፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ምንም ያህል ቢታመቁ ወደ ፈሳሽነት አልለወጥ በማለታቸው «ቋሚ ጋዞች» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። የእንቆቅልሹን ፍች ያገኘው በቤልፋስት ከተማ ያስተምር የነበረው ቶማስ አንድሩስ ነው። አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1869 ባቀረበው ጥናት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ከሞቀ በየትኛውም ግፊት ፈሳሽ እንደማይሆን አረጋገጠ፤ ወሰኑንም ወሳኝ ነጥብ ብሎ ሰየመው። ጉድለቱ የግፊት ሳይሆን የቅዝቃዜ ነበር ማለት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የአናጢ ልጅና የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቫን ደር ቫልስ ለዶክትሬት ማዕረግ በጻፈው ድርሰት ለዚህ ነጥብ ስሌት አበጀለት። ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡና ራሳቸውም ቦታ እንደሚይዙ በመገንዘብ፣ ለስሕበቱ አንድ፣ ለሚይዙት ቦታም አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ሁለቱ ቁጥሮች ሊደረስበት በሚቻል ሙቀት ከተለኩ፣ ማንም ያልደረሰበትን ወሳኝ ነጥብ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል።

ቀመሩ እንከን አልባ አልነበረም። በወሳኙ ነጥብ ላይ የግፊትና የይዘት ብዜት ለጋዝ ቋሚ ቁጥርና ለሙቀት ብዜት ሲካፈል፣ በቀመሩ መሠረት ለማንኛውም ጋዝ 0.375 ሊሆን ሲገባው፣ በልኬት የተገኘው ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.274፣ ለውሃ ደግሞ 0.23 ያህል ነው። ሬድሊክና ክዎንግ በ1949፣ ፔንግና ሮቢንሰን በ1976 ያወጧቸው ቀመሮች ልዩነቱን አጠበቡት እንጂ አላጠፉትም።

ይህ ጉድለት ያለበት ቀመር ግን ትልቁን አገልግሎት የሰጠው በሒሊየም ላይ ነው። የክራኮው ሊቅ ኦልሼቭስኪ በ1896 ሞክሮ አልሆነለትም፤ ዲዋር በ1898 ሃይድሮጅንን ፈሳሽ ሲያደርግ የቀረው ሒሊየም ብቻ ሆነ። ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲለቀቅ የሚቀዘቅዘው ከተወሰነ ሙቀት በታች ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህም ወሰን በቀመሩ የወሳኙ ሙቀት 27/4 እጥፍ ነው። የሒሊየም ወሳኝ ሙቀት 2 ኬልቪን ቢሆን ኖሮ ወሰኑ 13.5 ኬልቪን ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሃይድሮጅን ደግሞ በ14 ኬልቪን ገደማ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። እንግዲያስ በፈሳሽ ሃይድሮጅን ቀድሞ ማቀዝቀዝ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር።

የላይደኑ ካመርሊንግ ኦነስ መሣሪያውን ከማስነሣቱ በፊት የሒሊየምን ግፊትና ይዘት እስከ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ቅዝቃዜ ድረስ ለክቶ፣ ወሳኙ ሙቀት ከ5 እስከ 6 ኬልቪን እንደሚሆን አሰላ። ጁላይ 10 ቀን 1908 ሒሊየም ፈሳሽ ሆነ። ፈሳሹ እጅግ ጥርት ያለ ስለነበረ መጀመሪያ ላይ አልታየም፤ ገጹ የተለየው መብራት ከሥር ሲበራበት ነው። ዛሬ የታወቀው የሒሊየም ወሳኝ ሙቀት 5.2 ኬልቪን ነው።