ውሃው የት ይደር?

በየዓመቱ በጥር ወር መገባደጃ የዓለም የረግረግ መሬቶች ቀን ይከበራል። ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም በኢራኗ ራምሳር ከተማ የረግረጎች ጥበቃ ስምምነት የተፈረመበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ጥናት ይቀርባል፤ በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ እየተጠጣ ስለ ውሃ ይወራል። ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩን እንጠይቅ፦ ረግረግ መታሰቢያ ቀን እስኪያስፈልገው ድረስ ምን ደረሰበት?

መጀመሪያ ካርታውን እንይ። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ወርደው የሚያገኟት ዛሪማ የምትጠራበት ወንዝ አላት። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነስቶ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከተራራው ወዲህ ማዶ ደግሞ መገጭ ከጎንደር ኮረብቶች ወደ ደምቢያ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወደ ፎገራ ወርደው ጣና ይገባሉ፤ በዓባይ በኩልም ይወጣሉ። ሁለቱ ውሃዎች የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ከተማ ላይ ነው።

ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የዛሪማ ውሃ ማደሪያ የለውም፤ ቁልቁለቱ ያንደረድረዋል። የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ውሃ ግን ደምቢያና ፎገራ የሚባሉ ሰፊ መኝታ ቤቶች ነበሩት። ጎርፉ እዚያ ይዘረጋል፣ ይረጋጋል፣ ደለሉን ያራግፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ይገባል። አምባዛ እዚያ ይራባል፣ የፎገራ ከብት እዚያ ይግጣል፣ የታንኳው ደንገል እዚያ ይበቅላል።

ነገር ግን ረግረግን ወደነው አናውቅም። «ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ማጡ የመጨረሻው ክፉ ነገር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገሥታቱ ከጣና ዳር፣ ከጎርጎራ ተነስተው ወደ ደጋው ለመውጣታቸው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወባ ነው። ከዚያ በኋላ አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻቸውን ጎንደር ላይ አደረጉ። በሌላውም ዓለም ያው ነበር። የሊማሊሞን መንገድ ያስቆፈረው የሙሶሊኒ መንግሥት በሮም አቅራቢያ የነበሩትን የፖንቲን ረግረጎች ማድረቁን እንደ ትልቅ ድል ያስወራ ነበር። ረግረግ ማድረቅ ሥልጣኔ ነበር።

በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ፎገራ ገባ። ሩዝ ገበሬውን ጠቅሟል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጤፉን ውሃ ይወስድበት የነበረን ሰው «ለምን ሩዝ ዘራህ?» የሚል ካለ እኛ ከእሱ ጋር አይደለንም። ግን ግጦሹ እርሻ ሆነ፣ ውሃው በቦይና በፓምፕ ተመጠጠ፤ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የፎገራ ረግረጎች እየጠበቡ ሄዱ። በ1988 ዓ.ም ደግሞ የጨረጨራ ግድብ የጣናን መውጫ መቆጣጠር ጀመረ። በ1995 ዓ.ም የሐይቁ ውሃ በእጅጉ ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፣ የተራቆተው ዳርቻም ታረሰ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የ1998 ዓ.ም ክረምት መጣ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ላይ ኦሞ ሸለቆ በጎርፍ የብዙ መቶ ሰው ሕይወት አለፈ። በዚያው ክረምት ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በውሃ ተዋጡ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። «ጎርፍ መጣብን» አልን። ውሃው ግን የመጣው ወደ ድሮ ቤቱ ነው።

የእምቦጭም ነገር ከዚሁ ታሪክ አይርቅም። አረሙ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም ታየ። በ2010 ዓ.ም «ጣና ኬኛ» ብለው ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ያላየ የለም። እንዲህ ያለ ፍቅር አይረሳም። ሆኖም እምቦጭን የሚቀልበው ከእርሻው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ያንን ያጣራ የነበረው ደግሞ የደንገሉ አጥር ነበር። ወንፊቱ ከተቀደደ በእጅ ለቅሞ መጨረስ ከባድ ነው።

ከፊታችን ያለው ደግሞ ካለፈው ይብሳል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ ባንዴ ይመጣል። ማደሪያውን አጥብበን እንግዳውን አበዛነው ማለት ነው።

«እኛ ዛሪማ ረግረግ የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ረግረግ በሌለበት ስፍራ ሥራውን የሚሠሩት ጓሳው፣ ቁጥቋጦውና እርከኑ ናቸው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ የቆየባቸው ምክንያቶች ውስጥ ከልክ ያለፈ ግጦሽ አንዱ ነበር። ሣሩ ሲላጭ አፈሩ ይከተላል። በዛሪማ ወንዝ ላይ ለስኳር ልማት የተጀመረው የማይ ዴይ ግድብም ከላይ የሚመጣውን አፈር መቀበሉ አይቀርም። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎንደርን የሚያጠጣውን አንገረብን ማየት ይበቃል።

ጣና በ2007 ዓ.ም የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል፤ ወረቀቱ አለ። የቀረው ከባዱ ክፍል ነው። ረግረግ ይመለስ ስንል ዛሬ እዚያ የሚያርስ ሰው አለ። ዳርቻውን ለደንገል ሲለቅ በምን ይኖራል? ተራራ ላይ ያለው ከብቱን ሲቀንስ ማን ይክሰዋል? የታች አገሩ ደኅንነት በላይ አገሩ ድካም የሚገኝ ከሆነ፣ ዋጋውን ላይኛው ብቻውን ሊከፍል አይገባም።

እናም በመጪው ጥር እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የምትጠሩ ካላችሁ፣ ቲሸርታችሁን ተቀበሉ፣ ጥናቱንም አዳምጡ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ግን እጃችሁን አውጡና ይህንን ጠይቁልን፦ ክረምት ሲገባ ውሃው የት ይደር? እዚያ የሚያርሰውስ ሰው?