የዐይን ቆብና ላቦራቶሪ፦ የትራኮማ መድኃኒት ዕደላ መቼ ይቁም?

ትራኮማን ለማጥፋት የሚደረገው ዘመቻ ትልቁን ውሳኔ የሚያሳርፈው በአንድ ምልክት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባስተዋወቀው ቀላል መለኪያ መሠረት መርማሪው የሕፃኑን የላይኛውን የዐይን ቆብ ገልብጦ በማጉያ መነጽር ውስጡን ያያል፤ ስፋታቸው ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ፍሬ መሰል እብጠቶች ካገኘ ሕፃኑ ንቁ ትራኮማ እንዳለበት ይመዘግባል። በአንድ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ምልክቱ የታየባቸው ከ5 በመቶ በታች ከሆኑ ለሕዝቡ በጅምላ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ይቆማል፤ ካልሆነ ይቀጥላል። ይህ መለኪያ በሽታው ተንሰራፍቶ በነበረበት ጊዜ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። መድኃኒቱ ለዓመታት በታደለባቸው ወረዳዎች ግን ብቻውን ውሳኔ ሊሰጥ አይገባም፤ ላቦራቶሪ ከጎኑ መቆም አለበት ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ከበሽታው ባሕርይ ይመነጫል። እብጠቶቹ ሰውነት የበሽታው መንስኤ ለሆነችው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ ባክቴሪያዋ ራሷ አይደሉም። ባክቴሪያዋ በመድኃኒት ከጠፋች በኋላም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ እብጠት ያስነሣሉ። ባክቴሪያዋን ራሷን ለማግኘት የተገለበጠውን የዐይን ቆብ በጥጥ ዘንግ ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መጥረግ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ዘንጉን ማዞር፣ ከዚያም ናሙናውን የባክቴሪያዋን ዲኤንኤ በሚያገኘው በፒሲአር መመርመር ያስፈልጋል። ጥንቁቅ ተመራማሪዎች ሌላ ዘንግ ዐይኑን ሳያስነኩ በአጠገቡ ያሳልፋሉ፤ በዚህኛው ላይ ባክቴሪያ ከተገኘ ናሙናው መስክ ላይ ተበክሏል ማለት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ጥናት በዚህ መንገድ የደረሰበት ውጤት አስደናቂ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒት በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናቱ ኢንፌክሽን ከ41.9 በመቶ ተነሥቶ በ42 ወራት ውስጥ ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። የዐይን ቆቡ ምልክት ግን በዚያ ፍጥነት አልጠፋም። በሰሎሞን ደሴቶች ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ጎልቶ ታይቷል፤ ከአራት ሕፃናት አንዱ ገደማ ምልክቱ ሲኖርበት ባክቴሪያዋ የተገኘችባቸው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የወጪ ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በመነጽር የሚሠራውን ለምን ውድ በሆነ መሣሪያ እንተካለን ይባላል። ነገር ግን መተካት የሚል የለም። ናሙናዎችን እያቀላቀሉ በአንድነት መመርመር ወጪውን በብዙ ይቀንሳል፤ ምርመራውም የሚያስፈልገው ከብዙ ዙር ዕደላ በኋላ ምልክቱ አልወርድ ባለባቸው ወረዳዎች ነው። ደግሞም መድኃኒቱን ሳያስፈልግ መቀጠል የራሱ ዋጋ አለው። በዚያው በጎንቻ በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን በተሰጣቸው ሕፃናት አፍንጫ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደው የኒሞኮከስ ባክቴሪያ ድርሻ በአንድ ዓመት ከ3.6 ወደ 46.9 በመቶ አሻቅቧል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ዕደላ የዚያን ያህል አይገፋም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ዝቅ ያለ የፒሲአር ቁጥር ባለሥልጣናትን ቶሎ እንዲያቆሙ ይገፋፋል፤ የጎንቻው ተከታይ ጥናት ደግሞ ዕደላው በቆመባቸው ቀበሌዎች ኢንፌክሽኑ እንደተመለሰ አሳይቷል። ያለጊዜው መቆም የሚያስከትለውን ጉዳት ሐኪሞች በየቀኑ ያዩታል፦ ጠባሳ የሸበሸበው የዐይን ቆብ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሕመምተኛዋም (አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው) ብሌኗን የሚፍቀውን ፀጉር በወረንጦ ስትነቅል ትኖራለች። ይህ ተቃውሞ ግን የሚያስረዳው የአንድ ጊዜ ምርመራ እንደማይበቃ ነው እንጂ ላቦራቶሪ እንደማይረባ አይደለም። ለዚህ የሚረዳው ከጣት ተወግቶ በወረቀት ላይ የሚደርቅ የደም ጠብታ ነው። ፒጂፒ3 ለተባለው የባክቴሪያዋ ፕሮቲን የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ከአንድ ዓመት ሕፃናት ወደ አምስት ዓመቶቹ ሲኬድ ፀረ እንግዳ አካሉ የተገኘባቸው ድርሻ ከፍ እያለ ከሄደ ባክቴሪያዋ ዛሬም ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈች ነው። ከዕድሜ ጋር የማይጨምር ከሆነና ፒሲአሩም ዝቅ ካለ፣ በዐይን ቆቡ ላይ እብጠት ቢታይም ዕደላውን ማቆም ይቻላል፤ የደም ምርመራው ግን ዕደላው ከቆመ በኋላ በተወለዱት ሕፃናት ላይ መደገም አለበት።