የሚጦሩትን ማን ይጦራቸዋል?

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ ሊማሊሞን ሳያይ አያልፍም። ይህን መንገድ ጣልያኖች አገራችንን ይዘው በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየፈለጡ አወጡት። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ቆላው በእጅ የሚዳሰስ ይመስለዋል። ነገር ግን መንገዱ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ቅርብ መስሎ የታየው ስፍራ ብዙ ያደክማል።

እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከልቤ ያልጠፋው የመንገዱ ጥምዝምዝ አይደለም። በመንገዱ ዳር እንጨት ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዐይናቸው መሬት መሬቱን እያየ ዳገቱን የሚወጡት ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አያት የሆኑ ነበሩ። «እነዚህ ሴቶች የሚያርፉት መቼ ነው?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ «ጧሪ ያላት ልጇ ሲደርስላት፤ ጧሪ የሌላት ግን አፈር ሲጫናት» ብላ መለሰችልኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! ጡረታ የምንለው ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ግሥ መሆኑን ልብ በል። በአባቶቻችን ዘመን ጡረታ የመሥሪያ ቤት ነገር አልነበረም። ልጅ ወላጁን ይመግባል፣ ያለብሳል፣ በመጨረሻም ይቀብራል። ሽማግሌዎች ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚሉን ስለዚህ ነው። በቤጌምድርና በስሜን ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ ርስት ያላት ሴት በእርጅናዋ ጊዜ የምትደገፍበት ነገር ነበራት። ርስቱም ልጁም የሌላት ግን መሸሸጊያዋ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነበር።

በኋላ ዘመን ተለወጠና ሰው በደመወዝ ማደር ሲጀምር የመንግሥት ጡረታ መጣ። በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ታወጀ። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥትም ከመቶ 6 እያዋጡ ለእርጅና ዘመን የሚሆን ገንዘብ ይጠራቀም ጀመር። ሕጉ ወንዱን በዚህ ዕድሜ፣ ሴቷን በዚያ ዕድሜ ብሎ አልለየም። ለሁሉም አንድ መስፈሪያ አደረገ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 345ም የመውጫው ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው፤ የዘወትር አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። እንግዲህ በወረቀት ላይ እኩልነት አለ። ነገር ግን መስፈሪያው አንድ ቢሆንም የሚሰፈርለት ሰው ኑሮ አንድ እንዳልሆነ ያስተማረኝን ነገር ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ፤ በደሉ የእኔ ስለሆነ በሌላ በማንም ላይ አላሳብብም።

በ1988 ዓ.ም. በደጋው በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር አንዲት ሴት በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። ሁላችንም እትዬ እያልን እንጠራቸው ነበር። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የቅጥሩን ቅጽ እንድሞላላቸው እኔን ለመኑኝ። ስማቸውን ጻፍሁ፤ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ጻፍሁ። የልደት ዘመን ከሚለው መስመር ስደርስ «እትዬ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኋቸው። «መምህር፣ እኔ ምኑን አውቄው! እርስዎ የመሰለዎትን ይጻፉት» አሉኝ። እኔም ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ብርድና ፀሐይ ያቆረፈደው፣ ሸክም ያጎሳቆለው ፊት ነበር። ተማሪዎች እየጠበቁኝ ስለነበር ብዙ ሳላስብ 52 ዓመት አድርጌ ጻፍሁና አስፈረምኋቸው፤ ማለት በጣታቸው አሳተምኋቸው።

ስምንት ዓመት አለፈ። በ1996 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 60 ስለሞላ ከሥራ እንዲሰናበቱ ደብዳቤ መጣ። አገልግሎታቸው 10 ዓመት ስላልሞላ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ተሰጣቸው እንጂ የወር አበል አላገኙም። ዘመዶቻቸው ቢቆጥሩ፣ ክርስትና ያነሡአቸው ሰዎች ቢጠየቁ፣ በተቀጠሩ ጊዜ ዕድሜያቸው 47 ያህል እንደነበረ ታወቀ። በትክክል ጽፌ ቢሆን ኖሮ 13 ዓመት አገልግለው እስኪሞቱ ድረስ አበል ይቀበሉ ነበር። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፍሁላቸው። መልሱ ግን መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ አይለወጥም የሚል ነበር። ይህም ሕግ ያለ ምክንያት የተደነገገ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በየጊዜው ዕድሜውን ቢቀናንስ መዝገብ መዝገብ አይሆንምና።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። እርሳቸው ግን ቡና አፍልተው ተቀበሉኝና «ምን አጠፉ መምህር? እርስዎ ያዩትን ነው የጻፉት፤ የዋሸው ፊቴ ነው» አሉኝ። ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ በየወሩ አበሌን ስቀበል ይህ ቃላቸው በጆሮዬ ይሰማል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስልህ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩን አንዲት ያላገቡ መምህርት ነበሩ፤ ሚስ እንላቸው ነበር። አክስታቸው በክር ፋብሪካ ሲሠሩ ያረጁ፣ እርሳቸውም ያላገቡ ሴት እንደነበሩ አጫውተውናል። ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ የእነዚያን ሴቶች ታሪክ አንብቤ በጣም ተደነቅሁ።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1908 የወጣው የመጀመሪያው የእርጅና ጡረታ ሕግ 70 ዓመት ለሞላቸው ድሆች የሚሰጥ ነበር። በ1925 በወጣው ሕግ ግን መዋጮ የከፈሉ ሠራተኞች ወንዱም ሴቷም በ65 ዓመት እንዲያገኙ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ሳያገቡ የቀሩ ነበሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወጣቶች አልቀው ነበርና። እነዚህ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ በፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው፣ ሲያረጁ ከሥራ ይወገዳሉ። ብዙዎቹም ያረጁ ወላጆቻቸውን ለመጦር ሲሉ ሥራቸውን ይለቁ ነበር። ሌላውን የጦሩ ሴቶች እነርሱን የሚጦራቸው አጡ።

በብራድፎርድ ከተማ ወይዘሪት ፍሎረንስ ኋይት የሚባሉ፣ ጣፋጭ ጋግረው እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት በ1935 ያላገቡ ሴቶችን ማኅበር አቋቋሙ። ጥያቄያቸው በ55 ዓመታችን ጡረታ ይሰጠን የሚል ነበር። በየከተማው እየዞሩ ሰበሰቡ፤ በ1937ም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የፈረመበትን አቤቱታ ለፓርላማ አቀረቡ። በ1940 በወጣው ሕግ የሴቶች የጡረታ ዕድሜ ወደ 60 ዝቅ አለ። ሴቶቹ የጠየቁትን ሁሉ ባያገኙም ከዳገቱ አንዱን ጥምዝ ወጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዘመን አልፎ ሴቶች እንደ ወንዶች በብዙ የሥራ ዘርፍ ሲሰማሩ፣ የዕድሜውን ልዩነት ማስቀረት ተገቢ ነው ተባለ። በ1995 የወጣው ሕግ የሴቶቹን ዕድሜ ከ2010 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 65 ከፍ እንዲል ወሰነ። በ2011 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ጊዜውን አፋጠነው። በኅዳር 2018 የሴቶቹ ዕድሜ 65 ደረሰ፤ በጥቅምት 2020ም ለወንዱም ለሴቷም 66 ሆነ። ከ1950 ወዲህ የተወለዱ ብዙ ሴቶች በ60 ዓመታችን እናርፋለን ብለው ኑሯቸውን ከደለደሉ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ፣ ዕድሜው መለወጡን ሰሙ።

በ2015 ዋስፒ የሚባል ማኅበር አቆሙ። ልብ በል፤ ይህ ማኅበር ከወንዶች ጋር እኩል መሆንን አልተቃወመም። የተቃወመው አነጋገሩን ነው። «እኩልነቱን ተቀብለናል፤ ነገር ግን በጊዜው ለምን አልነገራችሁንም?» የሚል ነበር። ሌሎች ሴቶች ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው በ2019ና በ2020 ተረቱ። በመጋቢት 2024 ግን የአገሪቱ እንባ ጠባቂ መሥሪያ ቤቱ በጊዜው ባለማሳወቁ አጥፍቷልና ለያንዳንዷ ከ1,000 እስከ 2,950 ፓውንድ ካሳ ይከፈል ሲል አሳሰበ። መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሳውን ግን አልከፍልም አለ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ አላቆመም።

ይህን ታሪክ ለመምህራን ጓደኞቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዷ «ሴት ከክፍል ወጥታ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወጥታ ወንዝ ትወርዳለች፤ ሁለት ሥራ የሠራች ቀድማ ማረፍ ይገባታል» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ቀድመሽ ውጪ ማለት ደመወዝሽም ዕድገትሽም ቀድሞ ይቁም ማለት ነው፤ አበሌም ያንሳል፤ እኔ እኩል ልሥራ» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ሳስበው፣ ዕድሜው አንድ መሆኑን ደግፌ ሦስት ነገር እጨምርበታለሁ። ሕጉ ሲለወጥ አስቀድሞ ለሁሉ ይነገር፤ የሰው ዕድሜ በግምት ሳይሆን በእውነት ይመዝገብ፤ በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራም ወንዱ ተካፍሎት ይቅለል።

በአገራችንም ጥምዙ አንድ በአንድ እየተወጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ ተከፈተላቸው። በ2004 ዓ.ም. ስለ ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። አንድ ሕፃን ሲወለድ ቀኑ በመዝገብ ከሰፈረ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ አንድ የቸኮለ መምህር ፊቱን አይቶ አይፈርድበትም። ሆኖም ከሊማሊሞ ሥር እንጨት የሚሸከሙት፣ በገበያ ጠላና ዳቦ የሚሸጡት፣ መሬት የሚያርሱት እናቶች አብዛኞቹ ዛሬም ከጡረታ መዝገብ ውጭ ናቸው። ያለ ልጅ የሚያረጁት ዛሬም እናቴ እንደመለሰችልኝ ነው የሚያርፉት።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ፣ ከእኔ ጥፋት ተማር። ለማያነብ ሰው ቅጽ ስትሞላ በእጅህ ያለው የሰው እርጅና መሆኑን አትርሳ፤ የማታውቀውን ከመጻፍህ በፊት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ካህኑን ጠይቅ። የቅጥር ደብዳቤህንና የመዋጮህን ወረቀት ጠብቅ። ሕግ ሲወጣ አንብብ፤ ላላነበቡትም ንገር። በደል ብታይ እንደ ብራድፎርዷ ሴት ፊርማ ለመሰብሰብ አትፈር። ዛሬ ማታም ወደ ቤትህ ስትገባ እናትህን መቼ እንደተወለደች ጠይቃትና ጻፈው። እኔ ያን ጊዜ ጥቂት ታግሼ ብጠይቅ ኖሮ፣ አንዲት እናት በእርጅናቸው እንደገና እንጨት ባልተሸከሙ ነበር።