ስኳር ያለበት ልጅ ይሩጥ?

ማለዳ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ልምምድ የሚሠራ ታዳጊ ኢንሱሊን እንደሚወጋ ቢናገር፣ ብዙ ሰው «ዐርፈህ አትቀመጥም?» ይለዋል። ምክሩ ከክፋት አይደለም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞችም የተሻለ ነገር አልነበራቸውም፤ ሕፃናቱን ምግብ እያሳነሱ ጥቂት ወራት ያቆዩአቸው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ነው። ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው በደንብ ስላልተጣራ አላዋጣም፤ ከ12 ቀን በኋላ በተሰጠው ግን ልጁ ነፍስ ዘራ።

ሩጫውን በተመለከተ ባለውለታው ሮቢን ሎውረንስ ነው። ሐኪምም ታማሚም ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. የሰውነት እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ኃይል እንደሚጨምር ጻፈ። በ1934 ደግሞ ስኳር ከነበረበት ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ጋር የታማሚዎች ማኅበር አቋቋመ። የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር የተመሠረተው ከዚያ 50 ዓመት ቆይቶ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው።

የሎውረንስ ግኝት ለሯጭ ሁለት ስለት አለው። ታፋ ላይ ተወግቶ ወዲያው መሮጥ መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ደም ያስገባዋል፤ ስኳሩም ድንገት ይወርዳል። ስለዚህ ሆድ ላይ መወጋት፣ ከልምምድ በፊት መለካት፣ ጣፋጭ ነገር በኪስ መያዝ ያስፈልጋል። ሩጫው ካበቃ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሳለም ሊወርድ ይችላል።

ሌላው ጣጣ ቅዝቃዜ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቦሌ አካባቢ መብራት ሲጠፋ የሚያስጨንቀው ይኸው ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠርማ ብልቃጡን በውሃ በራሰ ሸክላ የሚያቆዩ አሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የተከፈተ ብልቃጥ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ አራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ አሳይቷል። ይህ ሱሉልታ ለልምምድ ለሚያድር ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቴኒስ ተጫዋቹ አሌክሳንደር ዝቬሬቭ በአራት ዓመቱ ታሞ፣ ሕመሙን በይፋ የተናገረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመት ስኳር ላለባቸው ሕፃናት የሚሠራ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ዝናው ሳይኖራቸው እንዲህ የሚናገሩ ታዳጊዎችን መጀመሪያ መስማት ያለባቸው፣ እንደኔ ግምት፣ የስፖርት መምህራን ናቸው። ስኳር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መዛል ይመጣል፤ ሜዳ ላይ ይህ ከተራ ድካም አይለይም። መምህሩ «በርታ!» ከማለቱ በፊት ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ማቀበል አለበት።